ፋናዬን ምን ልበላት

ፋናዬ የወንድሟን ሞት የሰማችው ሲኒማ ቤት ነው። ዌስትውድ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከፊት አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ። የነገረቻት ደግሞ ሦስት ዓይን ያላት ሰማያዊ ሴትዮ ናት።

ሲያወሩት ያስቃል። እሷን አላሳቃትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከካርድ ነው። ፋናዬ ከሆሊዉድ ብዙ ሳይርቅ፣ ዌስትውድ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ትሠራለች። ቁም ሳጥን የምታክል የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ቲኬት ትሰጣለች፣ ቲኬት ትቀበላለች። ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊቷ ነው። ፊልሙ ከወጣ አራት ሳምንቱ ነው፤ ሰልፉ ግን አሁንም ብሎኩን ዞሮ ይመለሳል። ትልልቅ ሰዎች ፊታቸውን ሰማያዊ ቀብተው፣ ግንባራቸው ላይ የፕላስቲክ ዓይን ለጥፈው ይመጣሉ። ታሪኩ ስለ አንዲት የበረሃ ፕላኔት ነው። የፕላኔቷ ሰዎች ሶርቫኒኛ የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ሰው አፍ ገብቶ የማያውቅ፣ ከባዶ የተፈጠረ ቋንቋ ነው ተብሎ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ተለፍፏል። በር ላይ ለሚገባው ሁሉ አሥር ቃል ከነትርጉሙ የያዘ ካርድ ይታደላል። ሲወጡ መሬት ላይ ይጥሉታል። የምትጠርገው ፋናዬ ናት።

አንድ ቀን መጥረጊያውን አቁማ አንዱን አነሳችና አነበበች።

«ወንዲፍራው — ጀግና ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።»

ዝቅ ብሎ ደግሞ፦

«ፋናየን ምን ሊበላት — ኮከባችን ትመለሳለች።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከየት እንደመጣ አውቃለቻ! የሰገነት ሥራ ነው።

ሰገነት የሰፈሯ ልጅ ናት። ተክለሃይማኖት አንድ ግቢ ነው ያደጉት። አሁን ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ለሁለት ይኖራሉ። ሰገነት ጋሼ ጸጋዬ ሬስቶራንት ታስተናግዳለች። እዚያ ላሪ የሚባል ፂማም ፈረንጅ ይመላለሳል። ሥራው ለፊልም ድምፅ መሥራት ነው፤ ጭራቅ ሲያገሳ፣ መንኮራኩር ሲነሳ፣ እሱ ነው። በሜይ ወር ሰገነትን ስቱዲዮ ወስዶ ማይክ ፊት አቆማት። «በቋንቋሽ የፈለግሽውን በይ፤ ብቻ ሐዘን ይሁን። ማንም አይሰማውም። እንቆርጠዋለን፣ ወደ ኋላ እናጫውተዋለን፣ ቋንቋ ይሆናል» አላት። ያን ቀን ሰገነት ዓይኗ ቀልቶ ነበር የገባችው። አቧራ ነው አለች።

ፋናዬ ካርዱን ይዛ ቤት ገባች።

«አንቺ! የኔንና የወንድሜን ስም ነው የሸጥሽላቸው?»

ሰገነት ድስት እያጠበች ነበር። ዞር አላለችም።

«ምን ልበል? የሚባል ጠፋኝ። የመጣልኝን ጠራሁ።»

«እኔስ ኮከብ ሆኛለሁ። እሱ ጀግና ነው አሉ! ይሄን ሲያይ ገዳሪፍ ሙሉ አይበቃውም። ፊልሙን አያለሁ እንግዲህ።»

«ኖ፣ አትሂጂ። የማይረባ ፊልም ነው።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። አትሂጂ ግን።»

በሳምንቱ ውስጥ ሦስቴ አትሂጂ አለቻት። አትሂጂ ማለት ለፋናዬ ግብዣ ነው።

ካርዱን ያመጣች ዕለት ማታ ለወንድሟ ደብዳቤ ጻፈች። ወንድይፍራው ሀያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ስደተኛ ሆኖ የመግቢያ ፋይሉ እስኪያልቅ፣ እሷ እስክታመጣው፣ ሁለት ዓመት ጠብቋል። ከስፕሪንግ ወዲህ መልስ አልላከም፤ የሱዳን ፖስታ ነገር ነው ብላ አልተጨነቀችም። «ስምህ ሆሊዉድ ገባ፣ አንተ ነህ የቀረኸው» ብላ ጽፋ ካርዱን ከደብዳቤው ጋር አሸገችው። ቴምብሩን የለጠፈችው ሰገነት ናት። ፖስታ ሳጥን የከተተችውም ሰገነት ናት።

ሐሙስ የፋናዬ ኦፍ ነው። ሄደች።

የፊልሙ ግማሽ ተኩስ ነው። ሰማያዊዎቹ ሰዎች ሲያወሩ ይንጣጣሉ፣ ያንኮራፋሉ፤ አንድ የሚያዝ ነገር የለውም። ላሪ እንዳለው ቆርጦ ገለባብጦታል። ፋናዬ መሰልቸት ጀመረች። ከዚያ ወጣቱ ጦረኛ ሞተ። ሰማያዊ ሴቶች አሸዋው ላይ ከበቡት። አንዷ አፏን ከፈተች።

የሰገነት ድምፅ ነው። ያልተቆረጠ፣ ያልተገለበጠ፣ እንዳለ።

«ወንድይፍራው! ወንድይፍራው ወንድሜ! ሰው አገር ማን አጠበህ? ገዳሪፍ ላይ ማን ገነዘህ? ወባ ጣለህ ወይ? አንድ ኪኒን የሚሰጥ ሰው ጠፋ ወይ? ፋናዬን ምን ልበላት? ጫማ ልግዛለት፣ ቁጥሩ ስንት ነው ትለኛለች። ምን ልበላት? ኧረ እኔ ፋናዬን ምን ልበላት!»

ከታች በእንግሊዝኛ ተጽፎ ያልፋል። ኮከባችን ትመለሳለች። ጦሩ ይነሣ። ሰይፉን ለልጁ ስጡት።

የጫማው ቁጥር አርባ ሁለት ነው። ራሷ ነበረች ሰገነትን የጠየቀቻት፣ በሜይ፣ ሰገነት ፀጉሯን እየሠራችላት። በኦገስት ገዛችው። ቡኒ፣ ማሰሪያ ያለው። ወደ ካርቱም ለሚሄደው ወዳጃቸው ለግዛው ሰጠችው።

አጠገቧ የተቀመጠ ጎረምሳ ፖፕኮርኑን አቅፎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከድምፁ ጋር አብሮ ይላል፦ «ፋናየን ምን ሊበላት…» በቃሉ ይዞታል።

«ዝም በል!» አለችው። በአማርኛ።

ልጁ ዞሮ አያት። ፊቱ በራ። የነሱ ሰው መሰለችው፤ ከሱ የበለጠ ያጠናች። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ጎንበስ አለላት።

«ወንዲፍራው» አላት።

ፖፕኮርኑን ከእጁ መታችው። ሦስት ረድፍ ላይ ተበተነ። ሰው ጮኸባት። ወጣች።

ከዌስትውድ እስከ ፌርፋክስ እንዴት ድራይቭ እንዳደረገች አታውቅም። መኪናዋን እሳት ማጥፊያው ቧንቧ ፊት ገትራ ሬስቶራንቱ ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ የምሳ ሰው ወጥቶ የራት ያልገባበት። ሰገነት ናፕኪን ታጥፋለች። ጋሼ ጸጋዬ ካሽ ሬጂስተሩ ጋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ጋዜጣ ያነባሉ። ሬስቶራንቱ የሳቸው ነው። ያለሳቸው ሰርግም፣ ክርስትናም፣ ለቅሶም አይሆንም። ከአገር ቤት ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ለሳቸው ነው።

«ወንድይፍራው መቼ ነው የሞተው?» አለች ፋናዬ።

የሰገነት እጅ ቆመ። ጋሼ ጸጋዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማነው የነገረሽ?»

«ማነው የነገረሽ? እሱ ነው የሚጠየቀው?»

«ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። መቼ ነው?»

«ማርች መጨረሻ ላይ ነው» አሉ። «ወባ ነው። ዜናው የደረሰን በኤፕሪል ነው። ያን ጊዜ የአንቺ የመኖሪያ ፈቃድ ኢንተርቪው ሁለት ወር ቀርቶታል። ይሄን ሰምታ ምን ብላ መልስ ትሰጣለች፣ ወረቀቷን ታጣለች ብለን…»

«ኢንተርቪዬ ጁን ላይ አለፈ። እዚህ ነው ያከበርነው። እርስዎ ነዎት የመረቁኝ።»

«እሱማ አዎ። ከዚያ ሰው ይሰብሰብ አልን። መርዶ አንድና ሁለት ሰው አይነግርም፤ ታውቂያለሽ። ሳይነጋ ነው፣ አሥራ አምስት ሀያ ሰው ሆኖ ነው። ብርሃኑ ታክሲውን እስኪነጋ ነው የሚነዳው። ሀይለገብርኤል ቅዳሜና እሁድ ሆቴል ነው። ቫን ናይስ የሚኖሩት ሩቅ ናቸው፣ ፍሪዌዩ አለባቸው። አንዱ ሲመቸው አንዱ ሥራ ይገባል…»

«ሶ፣ ሺፍት አልገጠመላችሁም።»

«ሺፍት አልገጠመልንም» አሉ ጋሼ ጸጋዬ። የተናገሩት እንዴት እንደሚሰማ አልገባቸውም። «ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ቀጥሎ እንቁጣጣሽ። በበዓል ደግሞ እንዴት…»

«ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ።»

ጋሼ ጸጋዬ ጋዜጣውን አጣጠፉ።

«ዘጠኝ! አንዱን እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነው የጻፍኩት። ‹ሰላም በይልኝ› ብለውኛል። ጋሼ ጸጋዬ ሰላም ብለውሃል ብዬ ጽፌለታለሁ! ጫማውስ?»

ጋሼ ጸጋዬ ሳያስቡት ወደ ዕቃ ቤቱ አዩ። አየቻቸው።

«ግዛው ወሰደለት አይደል ጫማውን?»

«ግዛው… እያወቀ እንዴት ያድርግ? ለማን ይስጠው? እዚህ አኖረው።»

«ሰገነት፣ አምጪው።»

ሰገነት ገብታ ከበርበሬ ጆንያ ኋላ ካርቶኑን አመጣች። ክሩ ራሷ ፋናዬ እንዳሰረችው ነው። በላዩ በእስክሪፕቶ ጽፋበታለች፦ «ለወንድይፍራው፣ ገዳሪፍ። አደራ።» አደራ የሚለው ላይ በርበሬ ፈሶበታል።

ፋናዬ ካርቶኑን ብብቷ ስር አደረገችና ጋሼ ጸጋዬን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«አንተ ግን ሰው ነህ?»

ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት የሚከተፍበት ድምፅ ቆመ። ጋሼ ጸጋዬን አንተ ያላቸው ሰው በዚህች ጎዳና ላይ የለም። አገር ቤት የቀሩት ታላቅ ወንድማቸው እንኳን አንቱ ነው የሚሏቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ተናዳ ነው ጋሼ» አለች ሰገነት።

«አዎ ተናድጄ ነው! አንቺ ደግሞ ዝም በይ። ለኔ የሚባል ሲጠፋሽ ለፈረንጅ ማይክ አልጠፋሽም።»

ሰገነት ናፕኪኑን ወረወረችው።

«የት ላልቅስ? ንገሪኛ፣ የት? ቤት? አልጋችን መሀል አንድ ክንድ ነው ያለው። ሻወር ውሃ ከፍቼ ላልቅስ ስል ‹ምን ሆነሻል፣ ሙቅ ውሃውን ጨረስሽው› እያልሽ በር ትደበድቢያለሽ። እዚህ? ጋሼ ‹ፊትሽን አስተካክዪ፣ ፋናዬ ትመጣለች› ይሉኛል። አንድ ወር ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ሰውየው ጨለማ ክፍል አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሐዘን ይሁን፣ ማንም አይሰማሽም አለኝ። ማንም አይሰማሽም! ምን ላድርግ? አለቀስኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ስጨርስ በመስታወቱ ወዲያ ቆመው እያጨበጨቡ ነው።»

«ከዚያ ቤት ገብተሽ አቧራ ነው አልሽኝ።»

«ከዚያ ቤት ገብቼ አቧራ ነው አልኩሽ።»

«ቴምብር ለጥፈሽልኛል።»

ሰገነት ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

በሩ ተከፈተ። ላሪ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በዚህ ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ጥብስ ከነሰላጣው። እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሰገነት ጎንበስ አለ፣ እየሳቀ።

«ወንዲፍራው!»

«በየሳምንቱ እንዲህ ይለኛል» አለች ሰገነት፣ ከእጇ ኋላ ሆና። «በየሳምንቱ ቆሜ እሰማዋለሁ።»

ፋናዬ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተሰጣትን ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች። እስክሪፕቶውን ከጋሼ ጸጋዬ ደረት ኪስ መዘዘች፤ አልከለከሏትም። በካርዱ ላይ ጀግና ሆይ ሰላም ላንተ ይሁን የሚለውን ሰረዘችና በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ «የወንድሜ ስም ነው። ማርች ላይ ሞቷል።» ኮከባችን ትመለሳለች የሚለውን ሰረዘች፦ «ፋናዬን ምን ልበላት ማለት ነው። ፋናዬ እኔ ነኝ።» ሰጠችው።

ላሪ አነበበ። እንደገና አነበበ። ቀስ ብሎ እጁን ከደረቱ አወረደ።

«አላወቅኩም» አለ። «እኔ ለድምፁ ነው የሰማሁት። ቃሉን ማንም አይሰማውም ብዬ…»

«ማንም ማለት ማነው?»

«ተመልካቹ።»

«እኔ ተመልካች ነኝ። ቲኬት ቆርጬ ነው የገባሁት።»

ላሪ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሌላውን ሁሉ እንደ ሥራችን ቀያየርነው፣ ያቺን አርባ ሴኮንድ ግን ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ፣ ዕድሜዬን እንዲህ ያለ ድምፅ ቀድቼ አላውቅም አለ። ማመስገኑ ነበር። ትርጉሙን የጻፉት ሌሎች ናቸው፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ አፍ አፉን እያዩ። አሁን ስምንት መቶ ሲኒማ ቤት ገብቷል፣ ማውጣት አይቻልም። ይቅርታ አለ። ደጋግሞ ይቅርታ አለ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ አልቅሳለች» አለች ፋናዬ። «አርባውን ሴኮንድ ወስዳችኋል። ቀሪው የት አለ?»

«ስቱዲዮ። ግን የኩባንያው ንብረት ነው፣ እኔ…»

«የኩባንያው ወንድም ነው የሞተው?»

ላሪ ጥብሱን ሳያዝ ወጣ። ቅዳሜ ተመልሶ አሥራ አንዱንም ደቂቃ የያዘ ካሴት በፖስታ አሽጎ ለፋናዬ መኪና ማቆሚያ አደረሰላት። በላዩ ምንም አልጻፈበትም።

ሐሙስ ዕለት ግን ላሪ ከወጣ በኋላ ጋሼ ጸጋዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀለል ብሏቸዋል፤ የሚያደርጉት አግኝተዋል።

«እንግዲህ የሆነው ሆኗል። በወጉ እናድርገው። እሁድ፣ ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት እንመጣለን። አሁን ለሁሉም እደውላለሁ፣ ሺፍቱን የሚለውጥ ይለውጣል። አንቺ አልጋሽ ላይ ሁኚ። ስናንኳኳ ማነው በይ። እንዳልሰማሽ ሁኚ።»

«እንዳልሰማሁ?»

«ሰው በማለዳ ተነሥቶ መጥቶ ሰምቻለሁ ይባላል? ያሳፍራል። ለሱም ክብር ነው፣ ለወንድይፍራው። ሰውም ይውጣለት፤ እኛስ ሰባት ወር ይዘን…»

ፋናዬ ካርቶኑን ብብቷ ስር አስተካከለች።

«ኦኬ» አለች።

ሰገነት ቀና ብላ አየቻት። የሀያ ዓመት ጓደኛዋ ናት። ፋናዬ ስትጮህ ፈርታት አታውቅም። ኦኬ ስትል ግን ፈራቻት። ያን ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ጋሼ ጸጋዬ ቤት ገባች።

እሁድ መጡ። ጋሼ ጸጋዬ ያሉትን አድርገዋል፤ ሀያ ሁለት ሰው ነው። ሰባት ወር ያልገጠመ ሺፍት በሦስት ቀን ገጥሟል። ብርሃኑ ታክሲውን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጎ መብራቱን አጠፋ። ከቫን ናይስ ሦስት መኪና ሙሉ መጣ። ግዛው አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም አያወራም። የመኪና በር እንኳን ሲዘጉ በእጃቸው ደግፈው ነው፣ እንዳትነቃ። ጋሼ ጸጋዬ በጥቁር ካፖርት ከፊት፣ ሰገነት ከኋላ፣ ደረጃውን በጫማቸው ጫፍ ወጡ። ከፊሉ ደረጃው አልበቃው ብሎ ግቢው ውስጥ ቆመ።

አንኳኩ። ማነው የሚል የለም። ደግመው አንኳኩ።

ፋናዬ ከመንገዱ ማዶ ቶዮታዋ ውስጥ ነበረች። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እዚያ ናት። አጠገቧ ወንበር ላይ የጫማው ካርቶን አለ። ሲመጡ አየቻቸው፣ መብራት ሲያጠፉ አየቻቸው፣ ግዛው ጋቢውን ሲያስተካክል አየችው። ሁሉም ደጇ ላይ ተሰብስበው እስኪያልቁ ጠበቀች።

ጋሼ ጸጋዬ ሦስተኛ ሲያንኳኩ የመኪናዋን የፊት ሁለት መስኮት እያዞረች አወረደች። ወደ ኋላ ተንጠራርታ የኋላዎቹንም አወረደች። የቴፑን ድምፅ መጨረሻ ድረስ ከፈተችና ካሴቱን ከተተችው።